መምህሩስ ከማን ተማረ?

ባለፈው የካቲት ደብረ ማርቆስ አንድ ሳምንት ያህል ሰንብቼ ነበር። የሄድኩት አጎቴ ታመዋል ተብሎ ልጠይቃቸው ነው። ስደርስ ግን ከእኔ የተሻሉ ሆነው አገኘኋቸው፤ ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አስቀምጠው፣ የእህቴ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ይዛ የመጣችውን ጥራዝ ያገላብጣሉ። ልጅቱ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ናት። የተመደበችበት ከተማ ከጎጃም ሩቅ ነው፤ የዩኒቨርሲቲውን ስም መጥራት ለዚህ ጽሑፍ አይጠቅምምና ይቅር። ለመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ስትመጣ የተማረችባቸውን ሞጁሎች በፌስታል ቋጥራ አምጥታቸዋለች።

አጎቴ መሪጌታ ናቸው። እንግሊዝኛ አያነቡም። ቢሆንም መጽሐፍ አይተው ዝም ማለት አይሆንላቸውም። ጥራዞቹን አንድ በአንድ እያነሱ "ይኸኛውስ ምንድን ነው?" ይላሉ፤ ልጅቱ ትመልሳለች፤ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ።

"ይህን ሁሉ የሚያስተምርሽ አንድ ሰው ነው?"

"አይ አባባ፣ ለየኮርሱ የየራሱ አስተማሪ አለው።"

"ማን ማን ይባላሉ?"

የሁለቱን ስም አስታወሰች። የሌሎቹ ግን ጠፋት። "ቲቸር ነው የምንላቸው" ብላ ሳቀች።

"እነሱስ ከማን ተማሩ?"

ጥያቄው አልገባትም። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። አጎቴ ግን አልሳቁም፤ ጥራዙን ቀስ አድርገው ከረከቦቱ አጠገብ አስቀመጡና ቡናቸውን አነሱ። ያን ሌሊት ተኝቼ ሳለሁ ጥያቄያቸው ደጋግሞ መጣብኝ። ልብ በሉ፤ "ከየት ተማሩ?" አላሉም። "ምን ያህል ተማሩ?"ም አላሉም። "ከማን?" ነው ያሉት። በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ያለው ልዩነት ይህን ሂስ እንድጽፍ አደረገኝ።

በጎጃም የጉባኤ ቤቶች ይህ ጥያቄ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንጠልጥሎ ከአንድ ጉባኤ ደጅ የሚደርስ እንግዳ ተማሪ "ከማን ጉባኤ መጣህ?" ይባላል። የመምህሩ ስም ሲጠራ ብዙ ነገር አብሮ ይጠራል። የዋሸራን መንገድ ይከተል እንደሆነ፣ የጎንጅን ወይስ የዋድላን፣ ግሱን እንዴት እንደ ወረደ፣ አገባቡን ምን ያህል እንደ ጠነቀቀ ይገመታል። የመምህሩ መምህርም ይታወቃል፤ የዚያም መምህር እንደዚሁ። የትውልድ ሐረግ እንደሚቆጠር የዕውቀት ሐረግ ይቆጠራል። ወረቀት የለም፤ ማኅተም የለም። ያለው የሰው ስም ነው።

አሁን ወደ ልጅቱ ጥራዞች ልመለስ። የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በቀድሞው ዘመን ዩኒቨርሲቲ የገባ ሁሉ "ፍሬሽማን" በሚባለው ዓመት ከየዘርፉ እየቆነጠረ ይማር ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ የመሰናዶ ትምህርት በ11ኛና በ12ኛ ክፍል ሲተከል ያ ዓመት ከዩኒቨርሲቲ ወጣ፤ የብዙው ዲግሪ ዘመንም ከአራት ወደ ሦስት ዓመት አጠረ። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ ከ100 ተማሪ 70ው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይግባ የሚል ፖሊሲ መጣ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሁሉም ሰው የተናገረው አንድ ነገር ነበር፤ ተመራቂው ከሙያው ውጭ ያለውን አያውቅም፣ መጻፍና መከራከር አይችልም፣ አገሩንም አያውቃትም የሚል። እናም በ2012 ዓ.ም. የአንደኛው ዓመት የጋራ ትምህርት ተመለሰ። ሎጂክና ሒሳዊ አስተሳሰብ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክና ጂኦግራፊ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ሳይኮሎጂ፣ ኢኮኖሚክስ፣ የሥነ ምግባርና የዜግነት ትምህርት፣ አካታችነት፣ ሥራ ፈጠራ፣ አዳዲስ ቴክኖሎጂ፣ የዓለም አዝማሚያዎች፤ ዝርዝሩ ረጅም ነው። ሞጁሎቹ በማዕከል ተዘጋጅተው ለሁሉም ዩኒቨርሲቲ ተሠራጩ።

ሐሳቡን አልነቅፍም። እንዲያውም ዓለም ለብዙ ዘመናት ያወቀው ሐሳብ ነው። ላቲኖች "የነጻ ሰው ጥበባት" ያሏቸው ሰባት ነበሩ፤ ሰዋስው፣ ሎጂክ፣ የንግግር ጥበብ፣ ቁጥር፣ ጂኦሜትሪ፣ ሙዚቃና የከዋክብት ጥናት። የእኛም ሊቃውንት ሰዋስውን በግስና በአገባብ፣ ሙዚቃን በዜማ፣ የፀሐይንና የጨረቃን ስሌት በባሕረ ሐሳብ ይዘውታል። ሰው በአንዲት ጠባብ ሙያ ከመወሰኑ በፊት ብዙ በር ያንኳኳ ዘንድ መፈለግ ተገቢ ነው።

ሂሴ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። የትምህርቱ ዝርዝር ሲዘጋጅ ምን ይማሩ ተብሎ ብዙ ታስቧል። ማን ያስተምር የሚለው ግን ለየትምህርት ክፍሉ ተከፋፍሎ ተሰጠ። ሎጂኩ ለፍልስፍናው ወይም ለሥነ ዜጋው ክፍል፣ አካታችነቱ ለልዩ ፍላጎት ክፍል፣ ቴክኖሎጂው ለኮምፒውተሩ ክፍል። እያንዳንዱ መምህር ከራሱ ክፍል ወጥቶ፣ አዳራሹ ገብቶ፣ ሞጁሉን ተናግሮ ወደ ራሱ ክፍል ይመለሳል። ጎረቤቱ በዚያው ሳምንት ለዚያው ተማሪ ምን እንዳስተማረ አያውቅም፤ እንዲያውቅም የሚጠይቀው የለም። እንግዲህ ዘርፎቹን ማገናኘት የማን ሥራ ሆነ? የአሥራ ስምንት ዓመቷ ልጅ ሥራ ሆነ። አስተማሪዎቿ ያልተሻገሩትን ድልድይ እሷ ብቻዋን ትሻገር ተባለ።

ይህን በምሳሌ ላሳይ። በሎጂኩ ሞጁል ስለ ቋንቋና ስለ ትርጉም የሚናገር ምዕራፍ አለ። የክርክር ስሕተቶችን የሚዘረዝርም አለ። ከስሕተቶቹ አንዱ መንታ ትርጉም ባለው ቃል መከራከር ነው። ልጅቱ ይህን በእንግሊዝኛ ምሳሌ ተምራዋለች፤ ምሳሌውን በቃሏ ይዛዋለች፤ ለምን ስሕተት እንደ ሆነ ግን በደንብ ልታስረዳኝ አልቻለችም። እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጻፍኩላት፤ "ሹመት ያገኘ ሰው ይበላል።"

አነበበችው። "እና ምኑ ነው ስሕተቱ?" አለችኝ። አጎቴ ካሉበት ሆነው "አላልተሽ ነው ወይስ አጥብቀሽ ያነበብሽው?" አሏት። "ይበላል" የሚለው "በ" ሲላላ ሹመኛው በይ ነው። ሲጠብቅ ተበይ ነው። ፊደሉ አንድ ነው፤ ሁለቱን የሚለየው የአንባቢው አፍ ነው። ልጅቱ ሁለት ሦስት ጊዜ በአፏ አመላለሰችውና ዓይኗ በራ።

እዚህ ላይ ሁለት ጉባኤ ይገናኛል። የሎጂክ መምህር ይህን ዓረፍተ ነገር ሲያይ "ሁለት ትርጉም ስላለው መደምደሚያ አይቆምበትም፤ መጀመሪያ የትኛውን ማለትህ እንደሆነ ለይ" ይላል። የቅኔ መምህር ያንኑ ሲያይ "ይበል!" ይላል፤ ኅብር ነዋ! አንዱ በሽታ ያለውን ሌላው ጌጥ ይለዋል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ለክርክር የሚሆን ቋንቋ አንድ መልክ ሊኖረው ይገባል፤ ለቅኔ የሚሆነው ሰምና ወርቅ ሊኖረው ይገባል። አንድ ቃል መቼ ስሕተት፣ መቼ ጥበብ እንደሚሆን ያወቀ ተማሪ፣ የሹመኛን ንግግርም የጋዜጣን ርዕስም በሌላ ዓይን ያነባል። ሒሳዊ አስተሳሰብ የሚባለው ከዚህ የተለየ አይመስለኝም። ግን ይህን ትምህርት ማን ይስጥ? ሎጂክ ያጠናው ቅኔ ቤት አልገባም፤ ቅኔ ያወቀው የሎጂኩ አዳራሽ አይገባም። ልጅቱ ያን ማታ ያገኘችው ትምህርት በማንም የክፍል ፕሮግራም ላይ አልነበረም። አጎቷ ከምድጃው ዳር ስለ ነበሩ ብቻ አገኘችው።

* * *

መቼም "አስተማሪዎቻችን አልተማሩም" ማለቴ አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ስለ መምህሮቻቸው ሲናገሩ የሚነግሩን ስንቱ ዶክተር፣ ስንቱ ማስተር፣ ስንቱ የመጀመሪያ ዲግሪ እንደ ያዘ ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ደስ ይላል። ዶክትሬት ግን የሚነግረን ሰውየው አንድ ጉድጓድ ምን ያህል ጠልቆ እንደ ቆፈረ ነው። ለሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ ለምርምር፣ ይህ ያስፈልጋል። ብዙ ዘርፍ በአንድነት እናስተምራለን ለሚል መርሐ ግብር ግን ሌላም ጥያቄ መጠየቅ ነበረበት፤ ይህ ሰው ከራሱ ጉድጓድ ወጥቶ የሌላ ሰው ደጅ ጠንቶ ያውቃል ወይ?

አጎቴ በዚህ መለኪያ ቢመዘኑ ምን ይወጣቸዋል ብዬ የሕይወት ታሪካቸውን እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው። ፊደል፣ ንባብና ዳዊት በተወለዱበት ቀበሌ። ጾመ ድጓ ሁለት ቀን በእግር ከሚያስኬድ ሌላ ደብር። ቅኔ በደብረ ኤልያስ ጀመሩ፤ "የአንድ መምህር ቅኔ ብቻ ያወቀ ጆሮው ይደነቁራል" ብለው ወደ ዲማ ጊዮርጊስ ተሻገሩ። አቋቋም በጎንደር። የሐዲስ ኪዳን ትርጓሜ በአዲስ አበባ። በየደረሱበት የሚጠብቃቸው ገበታ አልነበረም፤ ቁራሽ ለምነው፣ ጎጆ ቀልሰው ነው የተማሩት። ድምር ቢባል ከሃያ ዓመት ይበልጣል። ወረቀት ግን የላቸውም፤ ስለዚህ በየትኛውም የመምህራን ዝርዝር ውስጥ የሚገቡበት ዓምድ የለም።

ርዝመቱ አይደለም የገረመኝ። በየቤቱ ያለፉት ትምህርት እርስ በርሱ መነጋገሩ ነው የገረመኝ። ዜማውን የሚያውቅ ሰው የቅኔውን ቤት ልክ በጆሮው ይመዝናል፤ ቅኔ ያወቀ ሰው የትርጓሜውን "አንድም" ቶሎ ይረዳል፤ ትርጓሜ የተማረ ደግሞ ለቅኔው ምሥጢር ያገኛል። ብሉዩን፣ ሐዲሱን፣ ሊቃውንቱንና መነኮሳቱን አራቱንም የጨረሰ ሊቅ "አራት ዓይና" የሚባለው በከንቱ አይደለም። አራት ዲግሪ አለው አልተባለም፤ አራት ዓይን አለው ተባለ። ዓይኖቹ ደግሞ በአንድ ፊት ላይ ናቸው።

ሌላም ነገር አለ። በቅኔ ቤት ተማሪው ቀኑን በየጥላው ሥር ሲቆጥር ውሎ ያመጣውን ለመምህሩ ይናገራል፤ መምህሩ ያርማል፤ ከዚያም መምህሩ ራሱ በጉባኤው ፊት አዲስ ቅኔ ይዘርፋል። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ፣ ከዚያም አልፎ። የትናንቱን ዛሬ መድገም ነውር ነው። እንግዲህ ይህ መምህር ሞጁል ተሰጥቶት ቢሆን ኖሮ ማታ ማታ ምን ይዘርፍ ነበር? በማዕከል የተዘጋጀ ሞጁል ደካማውን መምህር ይደግፋል፤ ይህ ጥቅሙ ነው። ጠንካራውንም ግን ከደካማው ጋር እኩል ያደርገዋል። መምህሩ የራሱን መነሻ፣ የራሱን አገር፣ የራሱን ጥያቄ ይዞ የሚገባበት ቀዳዳ ከሌለ "ከማን ተማረ?" የሚለው ጥያቄም ዋጋ ያጣል፤ ሁሉም ከሞጁሉ ተማረ ማለት ነዋ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ራሴን ልንቀፍ። የጉባኤ ቤቱን እንዲህ ሳሞግስ የሚሰማኝ ሰው "ታዲያ ለምን አንተ እዚያ አልገባህም?" ቢለኝ መልስ የለኝም። ያ ትምህርት ጉድለቱ ብዙ ነበር። ከባሕረ ሐሳብ ስሌት ባሻገር ቁጥርን፣ ተፈጥሮን መመርመርን አልነካም። የመምህሩን ቃል ፊት ለፊት መሞገት ድፍረት ነበር። ልጅን ከእናቱ ነጥሎ ለውሻና ለብርድ መስጠት የትምህርት ዘዴ ሊባል አይገባውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሕዝቡን ግማሽ ከደጅ አስቀርቷል። እርግጥ ነው፣ ጎጃም እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን አፍርቷል፤ ዓይነ ስውር ሆነው፣ ቅኔን ከአባታቸው ተምረው፣ በኋላ ራሳቸው ወንበር ዘርግተው ወንዶቹን ያስተማሩ የቅኔ መምህርት። ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሣው ግን ስለ ሊቅነታቸው ብቻ አይደለም፤ እንደሳቸው ያሉት እጅግ ጥቂት ስለ ነበሩም ነው። የእህቴ ልጅ በአጎቴ ዘመን ብትወለድ ኖሮ ያንን ጥያቄ የሚጠይቃትም አልነበረም። ስለዚህ "ወደ ዱሮው እንመለስ" የሚል ሰው ይህን ጽሑፍ ለምስክርነት እንዳይጠራው አደራ።

* * *

ዘመናዊው ትምህርታችን ሲጀመርስ እንዴት ነበር? የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. በሩን ሲከፍት የተረከቡት ከካናዳ የመጡ ኢየሱሳውያን ነበሩ፤ ፕሬዚዳንቱም ዶክተር ሉሲየን ማት። ካባቸውን አውልቀው በሲቪል ልብስ እንዲያስተምሩ ነበር ውሉ። የእነዚህ ሰዎች መነሻ ከእኛ የጉባኤ ሊቃውንት ጋር የሚመሳሰልበት ነገር አለ። አንድ ኢየሱሳዊ ለመምህርነት ከመቆሙ በፊት ቋንቋ፣ ፍልስፍናና ነገረ መለኮት ለብዙ ዓመታት ይማራል፤ የሳይንስ ሰው ቢሆን እንኳ ይህን አይዘልም። ስለዚህ ኮሌጁ ትንሽ ሳለ የትምህርቱ ስፋት በመምህሮቹ ሰውነት ውስጥ ነበር። የጎደላቸው ደግሞ ግልጽ ነው፤ የረገጡት መሬት ምን ያህል መጽሐፍ እንደ ተሸከመ አያውቁም ነበር። አሪስጣጣሊስን ከነምንጩ ያውቁታል፤ የዲማን ጉባኤ ግን በሩቁም አልሰሙትም።

ያን ጉድለት ለመሙላት ከተደረጉት ሙከራዎች አንዱ በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ነው። መሥራቾቹን ተመልከቱ። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት የምጣኔ ሀብት ታሪክ ሰው ነበሩ። ስታኒስላቭ ኾይናትስኪ የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበሩ፤ ሙዚየሙን ሲያደራጁ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ታሪክ ዋና አጥኚ ሆኑ። በዚያው ዘመን በዩኒቨርሲቲው ያስተማሩት ጌታቸው ኃይሌ ከአገር ቤት ትምህርት ተነሥተው፣ በካይሮ በኩል አልፈው፣ በጀርመን ቱቢንገን ዶክትሬታቸውን የያዙ ናቸው። እኒህ ሊቅ የግዕዝ ብራና ሲያነብቡ የአውሮፓውን የጽሑፍ ምርመራ ዘዴና የአገራቸውን የንባብ ቤት ባንድ ላይ ይዘው ነው። በ1980 ዓ.ም. አካባቢ አሜሪካ የማክአርተርን ታላቅ ሽልማት ስትሰጣቸው፣ የሸለመችው ይህንን መገናኘት ይመስለኛል።

ከጎጃምም ምስክር አለኝ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ ብዙ በማይርቀው በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወለዱ። ቅኔውን በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተማሩ። ከዚያ አዲስ አበባ ገብተው ዘመናዊውን ትምህርት ቀመሱ፤ ወደ ጎጃም ተመልሰው በመምህርነት ሠሩ። ጣሊያን ሲመጣ ከራስ እምሩ ጋር ዘመቱ፤ ተማርከው በጣሊያን ደሴቶች ታሰሩ። በኋላ በኢየሩሳሌም፣ በዋሽንግተንና በለንደን አገራቸውን ወከሉ፤ የትምህርት ሚኒስትርም ነበሩ። "ፍቅር እስከ መቃብር" በ1958 ዓ.ም. ሲታተም የሃምሳ ስድስት ዓመት ሰው ነበሩ።

ያን መጽሐፍ ስናነብ ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ ፍቅሩ ነው። እኔ ግን መጽሐፉን እንደ መምህራን መጽሐፍም አነበዋለሁ። በዛብህ ከዲማ የቅኔ ጉባኤ ወጥቶ ሰብለ ወንጌልን ለማስተማር ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የገባ መምህር ነው። ጉዱ ካሣ ደግሞ ወንበር ያልዘረጋ፣ ጉባኤው የዘጋበት መምህር ነው። ከዚያው አገር፣ ከዚያው ወግ የወጣ ሆኖ ሳለ ወጉን ከውጭ ማየት የቻለ። ለዚህ ነው "ጉዱ" የተባለው። ደራሲው ይህን ሰው ሊፈጥሩት የቻሉት በሁለቱም በኩል ስለ ኖሩ ይመስለኛል። ቅኔ ቤትን ባያውቁት ኖሮ የሰውየው ሂስ ባዶ ስድብ በሆነ ነበር፤ ከቅኔ ቤት ባይወጡ ኖሮ ደግሞ ሂሱ ባልተወለደ ነበር። ዛሬ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው የባህል ጥናት ተቋም አለው። መልካም ነገር ነው። ግን ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው፣ በወጣትነታቸው፣ ከዲማ እንደ ወጡ ዛሬ ለመምህርነት ቢያመለክቱ ማመልከቻቸው ከየትኛው ፋይል ይገባ ነበር ብዬ እጠይቃለሁ።

* * *

"ታዲያ ምን ይደረግ ትላለህ? ሁሉንም የሚያውቅ ሰው ከየት ይምጣ?" የሚለኝ አይጠፋም። በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ፣ አናፖሊስ ከተማ የቅዱስ ዮሐንስ ኮሌጅ የሚባል ትንሽ ኮሌጅ አለ። እ.ኤ.አ. በ1937 አንድ ድፍረት ሠራ። የትምህርት ክፍሎችን አስቀረ። ተማሪዎቹ ከሆሜርና ከኤውክሊድ ጀምረው ታላላቅ መጻሕፍትን እንዲያነብቡ አደረገ። መምህሮቹንም "ፕሮፌሰር" ማለት ትቶ "አስጠኚ" አላቸው። ደንቡ የሚገርመው እዚህ ላይ ነው፤ አስጠኚው በምንም ዘርፍ ቢመረቅ መርሐ ግብሩን በሙሉ ማስተማር እንዲችል ይጠበቅበታል። በሒሳብ የተመረቀው ግሪክኛ ያስጠናል፤ በፍልስፍና የተመረቀው ላቦራቶሪ ይገባል። ስለዚህ መምህሩ ራሱ ሳያቋርጥ ተማሪ ነው።

ይህ ነገር ለእኛ አደገኛ ሊሆን እንደሚችል አውቃለሁ። በእኛም አገር መምህር ከዘርፉ ውጭ ያስተምራልና። ሰው ጠፍቶ፣ ሰዓት ሞልቶ፣ "አንተ ያዘው" ተብሎ። ልዩነቱን ግን ማጥፋት የለብንም። አንዱ የተመደበ ነው፤ ሌላው የተሻገረ ነው። የተመደበው ከተማሪው አንድ ምዕራፍ ቀድሞ ያነባል። የተሻገረው ጊዜ ተሰጥቶት፣ መምህር ተሰጥቶት፣ ተምሮ ያስተምራል። የመጀመሪያው የእጥረት መፍትሔ ነው፤ ሁለተኛው ግን ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ነው።

ስለዚህ የምለው ትንሽ ነው። ባለ ብዙ ዘርፍ የተባለው መርሐ ግብር ከዝርዝሩ ላይ አንድ ኮርስ ቢቀንስና የዚያን ሰዓት መምህሮቹ አንዱ የሌላውን ክፍል ገብቶ እንዲማርበት ቢያደርግ። የሎጂኩ መምህር አንድ መንፈቅ ዓመት ቅኔ ቤት ደጅ ቢጠና፤ ከደብረ ማርቆስ ሆኖ ደብረ ኤልያስም ዲማም ሩቅ አይደሉም። አንድ የቅኔ መምህርም፣ ወረቀት ሳይጠየቅ፣ በክብርና በደመወዝ ወደ አዳራሹ ቢጠራ። ለማስጌጫ፣ ለበዓል ቀን ቅኔ እንዲያበረክት ማለቴ አይደለም። "ይበላል" የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከሎጂኩ መምህር ጋር ጎን ለጎን ቆሞ እንዲከራከርበት ነው። ተማሪዎቹ ሁለት ሊቃውንት በፊታቸው ሲለያዩ ቢያዩ ከሞጁሉ ምዕራፍ ይልቅ የሚቀራቸው ያ ይሆናል።

ይህን ስጽፍ ስለ ራሴ ዝም ብል አግባብ አይሆንም። እኔ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ አለኝ። ከጋዜጣ ወደ መጽሔት እየተዘዋወርኩ አሥር ዓመት ያህል ስለ ሁሉም ነገር ጽፌያለሁ፤ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ ቴአትር፣ ስለ ጮቄ ተራራ ደን፣ ስለ ባንክ። ብዙ በር አንኳኩቻለሁ። ከየትኛው በር ገብቼ ቁጭ አልኩ ቢሉኝ ግን እቸገራለሁ። አጎቴ "አንተስ ከማን ተማርክ?" ብለው ቢጠይቁኝ የትምህርት ቤቱን ስም ነበር የምነግራቸው። ለዚህ ነው ያን ማታ መሳቄ ያሳፈረኝ። የእህቴን ልጅ የመሰለ ተማሪ ከእኔ የተሻለ መልስ እንዲኖረው እፈልጋለሁ።

ልጅቱ ወደ ትምህርቷ ከተመለሰች በኋላ ስልክ ደወለችልኝ። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት አንትሮፖሎጂ የሚያስተምራቸውን ወጣት መምህር፣ ትምህርቱ ሲያልቅ ተከትላ፣ "ይቅርታ፣ አንተ ከማን ነው የተማርከው?" ብላ ጠየቀችው። መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲውን ስም ነገራት። "እሱን ሳይሆን፣ ከማን?" አለችው። ዝም ብሎ ቆየ፤ ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ መልሶ አስቀመጠና ስለ አንድ አዛውንት አስተማሪው ነገራት። እኚያ ሰው ተማሪዎቻቸውን ገበያ ወስደው፣ የቅመም ሻጮችን ንግግር ጽፋችሁ አምጡ ብለዋቸው ነበርና። የሄዱ ተማሪዎች ከበር ተመልሰው ቁጭ አሉ። ግማሽ ሰዓት ያህል አወራቸው።

ይህን ለአጎቴ በስልክ ነገርኳቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። ጥቂት ዝም አሉና፣ "የሰውየውንስ መምህር ጠየቀችው?" አሉኝ።

"አልጠየቀችም መሰለኝ" አልኳቸው።

"ንገራት፤ ትጠይቀው።"